ሜጋፎኑና የአሪየት ቀሚሶች

ቀረብ ቀረብ በሉ! አንተ ራዲዮኑን ዝጋው፤ አንቺም ማንጎሽን ዋጪና ዝም በይ። አጎት ሲያወራ የሚያቋርጥ ሰው እዚህ ቤት ምሳ የለውም። ምሳው የእኔ አይደለም፤ ግን የለውም።

ከጠዋት ጀምሮ ስትጨቃጨቁ እየሰማሁ ነው። የእናታችሁን የአሪየትን ልብስ ስፌት ለደንበኛ ለማስተዋወቅ የትኛው የኢሜል መላኪያ ይረክሳል እያላችሁ ነው። አንዱ በነፃ ይልካል፣ ግን ከሥር የራሱን ስም ይለጥፋል። ሌላው በየወሩ ይከፈለዋል፣ ማን ከፍቶ እንዳነበበ ሳይቀር ያሳብቃል። እኔ ኢሜል አላውቅም። ስድስተኛ ክፍልን ወድጄው ደገምኩት፣ ከዚያ በቃኝ። ለብዙ ሰው ባንዴ በርካሽ መናገርን ግን እናንተ ሳትወለዱ ሞክሬዋለሁ።

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ነው። ያኔ ስብሰባ እንደ ትንኝ ነው፤ አንዱን ስታባርር ሌላው ይመጣል። አሪየት ገና ልጅ እግር ናት። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች የስፌት ማሽን አዋሷት፣ ግን በተራ ነው፦ እስከ ገና ሥራ ካላገኘችበት ማሽኑ ለሌላ ሴት ያልፋል። ቤቷ ደግሞ ባሮ ዳር፣ ዓሣ ከሚደርቅበት ጀርባ ነው። በዚያ በኩል የሚያልፈው ፍየል ብቻ ነው። ፍየል ቀሚስ አያሰፋም።

ተማከርን። ታፔላ እንዳናስጽፍ ቀለሙ ውድ ነው፣ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት። የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ነፃ ነው፤ ግን የሚነበበው ሰው ሁሉ ስለ ምሳው ሲያስብ ነው። ኢታንግ በሚሄዱ ጀልባዎች ወሬ መላክም ነፃ ነው፤ «አሪየት ቀሚስ ትሰፋለች» ብላችሁ ብትልኩ ኢታንግ ሲደርስ «አሪየት አገባች» ይሆናል። እሷ ታዲያ «ሰዎቹን አንድ በአንድ፣ በየቋንቋቸው ልንገራቸው» አለች።

ሳቅኩባት። «አንቺ ልጅ፣ ባሮን በማንኪያ ልትቀጂው ነው?»

ቀበሌ የሚሠራ ወዳጄ ሜጋፎን አዋሰኝ። ወጪው ባትሪ ብቻ! በገበያ ቀን ከገበያው እስከ ድልድዩ እየተመላለስኩ «የተከበራችሁ ነዋሪዎች! ለሁላችሁም የሚጠቅም አዲስ ነገር አለ! አሁኑኑ ባሮ ዳር ኑ!» ብዬ ጮህኩ። ክብር እንዲኖረው ብዬ በአማርኛ ብቻ፣ ድምፄን ልክ እንደ ባለሥልጣን ጎርነን አድርጌ።

ግማሹ ከተማ በሩን ዘጋ። ግማሹ ወንበሩን ተሸክሞ መጣ።

እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። «አሪየት፣ ክር ይበቃሻል?» አልኳት። ሰዎቹ ግን በመደዳ ተቀመጡ እንጂ አሪየት ለናሙና የሰቀለቻቸውን ቀሚሶች ዞሮ ያየ የለም። ከደጋ የመጣ አንድ መምህር እጁን አውጥቶ «አጀንዳው ምንድን ነው?» አለ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ስለ ውኃ ቧንቧው በምሬት ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው። ከኋላ አንዲት ሴት «አበል አለ ወይስ ለስላሳ ብቻ ነው?» አለች።

«ቀሚስ ነው ያለው!» አልኩ።

«ለተሰብሳቢ ይታደላል?»

በመጨረሻ የውኃ ኮሚቴ መርጠው ተበተኑ። እኔንም ጸሐፊ አደረጉኝ። ቁልፍ እንኳን ያስተከለ የለም።

አሪየት አላኮረፈችም። ከኳየሩ ፊት የምትቆመውን ዘማሪ ጠርታ የተተረተረ ቀሚሷን እንደ አዲስ ሰፋችላትና «ሲጠይቁሽ ስሜን ንገሪልኝ» አለቻት፤ በቃ። ከዚያ ወደ ማታር የምትመለሰውን ነጋዴ በኑዌርኛ፣ የጤና ጣቢያዋን ነርስ በአማርኛ፣ ጎረቤቷን በአኙዋክኛ፣ እያንዳንዷን በስሟ እየጠራች «የልጅሽ ዩኒፎርም እንዴት ሆነ?» እያለች አነጋገረቻቸው። ገና ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሥራ አላገኘችም ብለው ማሽኑን ሊወስዱ መጡ፤ በር ላይ ወረፋ የያዙት ሴቶች አላሳልፍም አሏቸው። ለተረኛዋ ሌላ ማሽን ተፈለገላት።

እኔ ሳስበው፣ ሰውን በጅምላ ስትጠሩት ወይ ሊሰጡኝ ነው ይላል ወይ ሊወስዱብኝ ነው። በስሙ ስትጠሩት ግን ቢያንስ ዞር ብሎ ያያችኋል። ኢሜላችሁ ርካሽም ይሁን ውድ፣ የምትልኩለትን ሰው ካላወቃችሁት እናንተም ሜጋፎን ይዛችሁ ነው።

ቢሆንም እውነቱ ይነገር። እኔ ያን ቀን ባልጮህ ኖሮ አሪየትን ማን ያውቃት ነበር? ደንበኛው ሁሉ የመጣው በእኔ ጉሮሮ ነው! ካላመናችሁ እናታችሁ ያቻትላችሁ፣ ጠይቋት።

አሪየት ከማሽኗ ቀና እንኳን አላለችም።

«አጎቴ፣ በአንተ ጉሮሮ የመጡት እስካሁን አበላቸውን እየጠበቁ ነው።»