የወንድሜ አስተርጓሚ

ሰው ከበሽታው ቢተርፍ እንኳ ከሚወደው ዘመዱ አይተርፍም። ቅር ካላችሁ ይቅርታ፤ ግን እናንተም ቤት እንደኔ ያለ አንድ አይጠፋም። በሽተኛው ሳይጠማው ውሃ የሚግት፣ ሐኪም «የት ጋ ያምዎታል?» ሲል ቀድሞ «ወገቡን!» የሚል... አዎ፣ እሱ ነኝ።

ሰመራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። ኃላፊያችን ሦስት ቃል ሲናገሩ እኔ ሦስት ገጽ አደርገዋለሁ። ሌላው የወሎ ሰው ወደ አፋር ሲመጣ ሸቀጥ ይዞ ነው፤ እኔ አፌን ብቻ ይዤ መጣሁ። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ግን ሌላ ነው። አዋሽ ከተማ ልብስ ሰፊ ሆኖ ሃያ ዓመት ሲኖር የተናገረው ቢሰበሰብ የእኔን የአንድ ሰኞ ጠዋት ወሬ አያክልም። እናታችን፣ አላህ ይርሐማትና፣ «የሁለታችሁንም ምላስ አንተ ወስደህበታል» ትለኝ ነበር።

አምና ሰይድ ስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ስትሮክ መታው። ነፍሱ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኝ እጁ ግን ደከመ፤ ያችው ትንሿ ንግግሩም ጠፋች። ሐኪሞች አፌዥያ ይሉታል። የሚባለውን ይሰማል፣ ይረዳል፣ ሰው ያውቃል፤ የሚፈልገውን ቃል ሲጠራው ግን አይመጣለትም። ሚሌ ላይ ተሳቢ ተገልብጦ መንገድ ሲዘጋ አስቡት፤ ጭነቱ አለ፣ ሾፌሩ አለ፣ ማለፊያ የለም። የሚገርመው፣ የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሃን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይደናቀፍ ይለዋል። «ውሃ» ማለት ግን ያቅተዋል።

ሚስቱ ዘይነባ ልጆቹንም ሱቁንም ለብቻዋ ይዛ ስለነበር፣ ሕክምናውን እስኪጨርስ ሰመራ እኔ ቤት አመጣሁት። አስተርጓሚም ሆንኩለት። ማንም አልሾመኝም፤ ራሴን ሾምኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ «ቁ... ቁ...» አለ። ቁርስ ማለቱ ነው ብዬ ፉል አቀረብኩ። በላ። ጨርሶ አሁንም «ቁ... ቁ...» አለ። ደስ ብሎኝ እንቁላል ጠበስኩ። ሰይድ የቀረበለትን ገበታ መግፋት ነውር ነው ብሎ ያደገ ሰው ነው፤ እሱንም በላ። ሦስተኛ ጊዜ «ቁ...» ሲል ፍርፍር ይዤ ከች አልኩ። የምግብ ፍላጎቱ ተከፈተ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አበሰርኩ። ሰይድ ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፉ መጣ ብዬ መጋረጃ ዘጋሁለት።

በዚህ ዓይነት ሁለት ሳምንት አስተረጎምኩ። ወንድሜ እየወፈረ፣ እየተከዘ ሄደ። ሙከራውንም ቀነሰ። ዝም ብሎ ግድግዳ ማየት ሲጀምር ነው የፈራሁት።

ያኔ ነው ሐኪሙ ወደ ሐዋ የላከን። ሐዋ ወጣት የአፋር ልጅ ናት፤ ሙያዋ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። በሽታ ያስጣለውን የዕለት ኑሮ፣ ልብስ መልበሱን፣ ሻይ ማፍላቱን፣ የእጅ ሙያውን፣ ለሰው መልሶ ማስለመድ ነው። ሰይድን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ምን መሥራት እንደሚናፍቀው ጠየቀችው። እኔ መለስኩ። እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። መለስኩ። የትኛው እጁ እንደሚያስቸግረው ስትጠይቀው የራሴን ቀኝ እጅ አንስቼ አሳየኋት። ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ስትሮክ የመታው እርስዎን ነው?» አለችኝ በትሕትና።

ሰይድ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል እያለ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። ልቀየም አስቤ ነበር፤ ሳቁን ሳይ ተውኩት።

ሐዋ ሕግ አወጣችልኝ። ከጠየቅኩት በኋላ በልቤ እስከ ሃያ እንድቆጥር፤ ቃል እንዳልጨርስለት፤ ካቃተው በጣቱ ያሳይ፣ ይሳል፣ ይነካ። «እርስዎ በጨረሱለት ቁጥር እሳቸው መሞከሩን ይተዉታል» አለችኝ። ይቺ ዓረፍተ ነገር ሆዴ ውስጥ ገባች። ግድግዳውን ማን እንዳሳየው ገባኝ።

ምን መሥራት እንደሚናፍቀው እንደገና ጠየቀችው። እኔ መቁጠር ጀመርኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው፤ እኔ ግን ዝም ስል የምነቅዝ ይመስለኛል። ሰባት ላይ አላበኝ። የሰመራ ሙቀት ነው እንዳልል ቬንቲሌተሩ አናቴ ላይ ይዞራል። አሥራ አራት ላይ ምላሴን ነከስኩ። አሥራ ስምንት ላይ ሰይድ ከወንበሩ ተነሣ፣ ወደ እኔ መጣና በግራ እጁ የሸሚዜን ደረት ያዘ። አንድ ቁልፍ ጎድሎኛል።

«ቁ... ልፍ» አለ።

አያችሁልኝ? ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው፣ ወንድሙ ደረቱን ከፍቶ ቢሮ ሲውል እያየ ሁለት ሳምንት ተቃጥሏል። እኔ ደግሞ እንቁላል እጠብስለታለሁ።

ሐዋ «የዛሬው ሥራችን ተገኘ» አለች። ሸሚዜን አስወለቀችኝና ቀዳዳ በበዛበት ካናቴራ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፤ በመስኮት ያለፈ ሁሉ በሽተኛው እኔ መሰልኩት። ቁልፍና ዓይኑ ሰፊ መርፌ ሰጠችው፤ ደካማው እጁ ጨርቁን ተጭኖ እንዲይዝ፣ ግራው እንዲሰፋ አደረገች። መርፌው ሦስት ጊዜ ወደቀ። ሦስቱንም ጊዜ ላነሣ ስነሣ በዓይኗ አስቀመጠችኝ፤ በመጨረሻ እጆቼ ላይ ተቀመጥኩባቸው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሰይድ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ቁልፉ ከቦታው አንድ ጣት ዝቅ ብሏል። ሸሚዙን ዘርግቶ ሲያየው እንባው ወረደ፤ ያስለቀሰው ጠማማነቱ ይሁን መጨረሱ አልጠየቅኩትም። ያን ሸሚዝ ሳላስተካክል ስብሰባ እገባበታለሁ።

ከወራት በኋላ ሰይድ ወደ አዋሽ ተመለሰ። አሁን ግማሽ ቀን ይሠራል። ዘይነባ ልክ ትወስዳለች፤ ሐዋ የኮሌታና የኪስ ሥዕሎች ያሉበት ደብተር አዘጋጅታለት ደንበኛው በጣቱ ይመርጣል። ስልክ መደወልንም እንደ ልምምድ ስላዘዘችለት፣ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ይደውልልኛል።

ባለፈው ዓርብ ደወለና «አ...» ብሎ ቆመ። አልጨረስኩለትም። ሃያ ቆጠርኩ። ሰው ሲሠለጥን እንዲህ ነው ብዬ አርባ ጨመርኩ። በራሴ እየኮራሁ፣ ለሐዋ እንዴት እንደማወራላት እያሰብኩ መቶ ላይ ደረስኩ። ጥርጣሬ ገብቶኝ ስልኩን ሳየው... ኔትወርኩ ከሄደ ቆይቷል። በሕይወቴ ረጅሙን ዝምታዬን ለባዶ ስልክ አበረከትኩ።

ወዲያው መልሶ ደወለ።

«ዝም... አልክ» አለኝ። ትንፋሹ ይሰማኛል። ቃሉን እየፈለገ ነው፤ ጠበቅኩት። «አ... መመህ?»

ከታመመ ወዲህ ከራሱ አውጥቶ እንዲህ ረጅም ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ አንድም ቃል አልመጣልኝም። እሱ ግን ጠበቀኝ።