ጠገብኩ ያለው ልጅ

አንባቢዬ፣ የልጁ ውፍረት እንቅልፍ የነሳው አባት ገጥሞህ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ያውም ልጁን ሲያጎርስ።

ከማል ይባላል፤ የታቦር ሰፈር አብሮ አደጌ ነው፤ ዛሬ ሐዋሳ ፒያሳ ጨርቅ ይሸጣል። ሐኪም ልጁን ረድዋንን አይቶ "ምግቡን ቀንሱለት፤ ጠገብኩ ሲል ተዉት" ብሎታል። እሁድ ምሳ ጋበዘኝና አዲሱን የቤቱን ሕግ በኩራት አሳየኝ፤ ለረድዋን ለብቻው ትንሽ ሳህን፣ በላዩ ጎመንና ካሮት።

ረድዋን ሳህኑን ጨርሶ "ጠገብኩ" አለ።

ሁሉም ዞሮ አፈጠጠበት። ነውር የተናገረ ነው የሚመስለው!

"አሞሃል እንዴ?" አለ ከማል፤ ደንግጦ ከጥብሱ አጎረሰው። እናቱ "አንድማ ያጣላል" ብላ ደገመችው። አክስቱ ደግሞ "የእኔንስ? በሞቴ!" አለች።

አልፈረድኩባቸውም። በእኛ ጊዜ "ጠገብኩ" የጨዋ ልጅ ውሸት ነበር። ጎረቤት ቤት ምሳ ላይ ከደረስን፣ የእናቶቻችንን ቁጣ ፈርተን "ጠገብኩ" እንላለን፤ ዓይናችን ግን ከትሪው አይነቀልም። የከማል እናት፣ አላህ ይማራቸውና፣ አንድም ቀን አምነውን አያውቁም። "ና፣ አንተ ውሸታም!" ይሉና አፋችንን ይሞሉታል። የዚያ ጉርሻ ጣዕም እስካሁን አፌ ላይ አለ።

"አንተስ አታጎርሰውም?" አለኝ ከማል። ጠቀለልኩ።

ረድዋን ጉንጩ እንደተነፋ ቀና ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ እናንተ ልጅ ሆናችሁ የእውነት ስትጠግቡ ምን ነበር የምትሉት?"

ጉርሻውን እንደያዝኩ ለማስታወስ ሞከርኩ። የእውነት የጠገብንበት ቀን ግን ትዝ ሊለኝ አልቻለም።