አሮጌ ብር በአዲስ የሚለውጥ ሰው

እኔ ብር ሳይ ሰው ይሰጋል። እናንተ አሥር ብር ስትቀበሉ ምን ታደርጋላችሁ? አጥፋችሁ ኪስ ትከታላችሁ። እኔ ወደ ብርሃን አነሣዋለሁ፣ እገለብጠዋለሁ፣ ቁጥሩን አነበዋለሁ። የሮቤ ባለሱቆች "ምነው፣ ሐሰተኛ መሰለህ እንዴ?" እያሉ ይቆጡኛል። ሐሰተኛ ብር ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ማተሚያ ቤት የተሳሳተበትን እውነተኛ ብር ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ኢኮኖሚክስ ተምሬ በማዕረግ ነው የተመረቅኩት። ለተጨማሪ ትምህርት ውጭ አገር እንድሄድ ስሜ ተላልፎ ነበር። በግምገማው ቀን ግን አንድ የክፍል ጓደኛዬ እጁን አውጥቶ፣ "ይህ ልጅ ገንዘብ ይወዳል" አለ። ማስረጃ ሲጠየቅ፣ "አራት ዓመት ሙሉ ስለ ገንዘብ ነው ያጠናው፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?" ብሎ ተቀመጠ። አዳራሹ አጨበጨበ። ቃሏ በማኅደሬ ገባች። እሱ በእኔ ቦታ ወደ ውጭ ሄደ፤ እኔ ወደ ባሌ፣ የመንግሥት እርሻ የስንዴ መጋዘን ጸሐፊ ሆኜ ሄድኩ። እሱ ዶክተር ሲሆን እኔ ኩንታል እቆጥር ነበር። ረስቼዋለሁ። (አልረሳሁትም።)

ሁሉም ሰው "ጓድ" በሚባልበት በዚያ ዘመን፣ ሮቤ አጠገብ ሲናና ላይ አንድ ምሥራቅ ጀርመናዊ የስንዴ ባለሙያ ነበረ። ወደ መጋዘናችን ሲመጣ የማስተረጉምለት እኔ ነኝ። ሰውየው ስንዴውን በአንድ ዓይኑ፣ የሠራተኛውን ብር በሁለቱም ዓይኖቹ ያያል። ለካ ብር ሰብሳቢ ኖሯል። ለመግዣ እንዳይመስላችሁ፤ በደብተር አስገብቶ ለማየት!

አሮጌ ሁሉ ውድ አይደለም ብሎ አስተማረኝ። አንድ የጎባ ሰው የንጉሡን ዘመን ብሮች በእንስራ ቀብሮ ነበር። የብር ለውጡ ሲታወጅ ዘመድ ጥየቃ ሩቅ አገር ሄዶ፣ ሲመለስ ቀነ ገደቡ አልፏል። እንስራውን ተሸክሞ ፈረንጁ ዘንድ መጣ። ፈረንጁ አይቶ፣ እንዲህ ያለው ብር በየጓሮው ሞልቷል፣ ምስጥም ነክሶታል፣ ዋጋ የለውም አለ። እኔም አስተረጎምኩ። ሰውየው ትንሽ አሰበና፣ "ስንዴ ብቀብር እንኳ ይበቅል ነበር" ብሎ እንስራውን አንሥቶ ሄደ።

ታዲያ ዋጋ ያለው የትኛው ነው? እጥፋት ያልነካው፣ እጅ ያላደከመው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስሕተት ያለበት። ብር ላይ ቁጥሩ ሁለት ቦታ ይታተማል። ሁለቱ ቁጥሮች ያልተመሳሰሉበት ብር ከተገኘ፣ ፈረንጁ የተጠየቀውን ይከፍላል። ይህን ሲናገር ምራቁን ዋጠ።

ያን ሰሞን ለእርሻችን አንድ የትምህርት ዕድል መጣ። ወደየት? ወደ ምሥራቅ ጀርመን! ሁለት ዓመት። ልቤ ዘለለ። ያቺን ብር ካገኘሁ ዋጋዋን በገንዘብ አልጠይቅም፤ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍልኝ እጠይቃለሁ ብዬ ወሰንኩ። ማኅደሬ ውስጥ ያለችውን ቃል ከፈረንጅ ደብዳቤ በቀር ምን ያጥባታል?

ግን የተሳሳተ ብር የት ይገኛል? ይህን የነገሩኝ አከራዬ አዴ ፋጡማ ናቸው። ሮቤ ገበያ ቅቤ ይነግዳሉ። አባታቸው በጠገራ ብር ዘመን የጊኒር ነጋዴ ነበሩ፤ በብሩ ላይ ያለችውን ሴትዮ ጌጥ ፈርጥ በፈርጥ ሳይቆጥሩ አይቀበሉም ነበር አሉ። ልጅየዋም ብር ያውቃሉ።

"አዴ፣ የተበላሸ ብር ሲደርስዎ ምን ያደርጉታል?" አልኳቸው።

"አልቀበልም።"

"ሳያዩ ቢቀበሉስ?"

"ለቀበሌ መዋጮ እሰጠዋለሁ ነዋ! ቀበሌ መቼ እምቢ ይላል፣ ኢልመኮ፣ ልጄ?"

ዋለሂ፣ አራት ዓመት የተማርኩት ኢኮኖሚክስ እንዲህ አላበራልኝም። የሮቤ የተቀደደ፣ የተጻፈበት፣ ገበያ የጠላው ብር ሁሉ ማረፊያው የቀበሌያችን የመዋጮ ሣጥን ነው።

እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ የሣጥኑ ገንዘብ ያዥ ዘንድ ሄድኩ። ተስፋዬ ይባላል፤ ቀን ቀን እርሻችን ውስጥ ሚዛን ላይ ይሠራል። ከጎባ ባንክ ትኩስ የመጣ ደመወዜን አውጥቼ፣ "አሮጌዎቹን ስጠኝና በአዲስ ልለውጥልህ" አልኩት። ዓይኑ ፈጠጠ። "ሁሉንም?" አለ። ሁሉንም አልኩ። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ። በሦስተኛውም። ደመወዜ በወጣ ቁጥር ቤት ገብቼ በሬን ዘግቼ ቁጥር አነጻጽራለሁ። የተሳሳተ የለም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ወሩን የምኖረው በዚያ ቡትቶ ብር ሆነ። ሻጭ ሁሉ ይመልስብኛል። የሚቀበሉኝ አዴ ፋጡማ ብቻ ናቸው፤ ለኪራይ ይቀበሉና ለመዋጮ ይሰጡታል፤ ከመዋጮ እኔ እወስደዋለሁ። አንዲት ጥጓ የጎደለች አሥር ብር ሦስት ጊዜ እጄ ገብታለች። በሦስተኛው ሰላም ልላት ምንም አልቀረኝ።

አንድ ቀን አዴ ፈገግ ብለው አንድ አምስት ብር አመጡልኝ። "ያንተ ብር ሁልጊዜ ቆሻሻ ነው፤ አሳዘንከኝ። ይቺን ለአንተ ብዬ በሳሙና አጥቤ ተኮስኳት" አሉኝ። ተቀብዬ ቁጥሯን አየሁ። እንደገና አየሁ። ሁለቱ ቁጥሮች አይመሳሰሉም! ሲናና ድረስ በረርኩ። ፈረንጁ በማጉያ አያት፣ አሸተታት፣ ከዚያ እንደ ሐኪም አንገቱን ነቀነቀ። ቀለሟ ለቋል፤ ጠርዟን የከሰል ካውያ አሳርሮታል። የታጠበ ብር የሞተ ብር ነው አለ። ለደብዳቤው ነገር ደግሞ በአገራችሁ ጉዳይ እጄን አላስገባም ብሎ ወደ ስንዴው ዞረ።

አዴን ምን ልበላቸው? "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ከልባቸው አጥበውልኛል።

ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብኝ ተስፋ ቆርጬ ሳለ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሁሴን በስብሰባ መካከል ስሜን ጠራ። ለትምህርት ዕድሉ ሰው በሚመርጠው የእርሻው ኮሚቴ ውስጥ ሕዝቡን ወክሎ የሚቀመጠው እሱ ነው። ይኸው ደረሰ፣ ብር በብርሃን ስመለከት ያየኝ ሰው ነግሮብኛል አልኩ። ጓድ ሁሴን ግን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ጓዶች! ይህ የተማረ ልጅ ለሦስት ወራት አዲስ ደመወዙን ለሕዝብ ሣጥን እየሰጠ፣ እሱ በቡትቶ ብር ኖሯል። ገንዘብ የማይወድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸውላችሁ!" አለ። ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው። ማኅደሬ ይስተካከል ተባለ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እውነቱን መናገር ለማን ይጠቅማል?

በሳምንቱ ውሳኔው ወጣ። የሣጥኑ ገንዘብ ያዥ እኔ። ጀርመን የሚሄደው ተስፋዬ።

ጓድ ሁሴን ቢሮ ገብቼ ጮህኩ። ተስፋዬ ሣጥኑን እንደሚቦረቡር አገር ያውቃል፣ እሱን ሸልማችሁ እኔን ታስቀራላችሁ ወይ አልኩ። ጓድ ሁሴን በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

"እኛስ የማናውቅ መሰለህ? ግን የእርሻው ሥራ አስኪያጅ አማች ነው፤ አንከሰውም። ከሣጥኑ ማራቅ ነበረብን። ጎባ እናዛውረው አልን፤ ቅርብ ነው። ጊኒር እናዛውረው አልን፤ እሱም ቅርብ ነው። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ጀርመን ራቅ አይልም?"

ካርታው በዓይኔ ላይ መጣ።

"ራቅ ይላል" አልኩት።