የቀኛዝማች ዘርና የአዲ አርቃይ ጨው

በእኛ በጎንደር ሰው ሲተዋወቅ ከጤናው በፊት ዘሩ ይጠየቃል። ጤናስ ይታከማል፤ ዘር ግን ምን ይደረጋል? እናንተም ብትሆኑ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ሳትናገሩ አዘዞን አታልፉም።

በዚህ ረገድ ጎረቤቴን ቀኛዝማች ደምሴን የሚያህል አልነበረም። አያቶቻቸውን መቁጠር ሲጀምሩ ጠላው ይሞቃል፣ እንግዳው ያንቀላፋል፤ እሳቸው ገና ሁለተኛው ደጃዝማች ላይ ናቸው።

እኔ ያን ጊዜ፣ ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው፣ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርሁ። አንድ እሑድ ቀኛዝማች፣ «ለመሆኑ የእናንተ ሳይንስ ስለ ዘር ምን ይላል?» አሉኝ። ዲኤንኤ የሚባል፣ ከአባትና ከእናት የምንወርሰው፣ እንደ ድርብ ክር የተገመደ ነገር በሰውነታችን ውስጥ እንዳለ ነገርኋቸው። ግምዱ ወደ ቀኝ ይዞራል ስላቸው ደስ አላቸው። ቀኛዝማች የተባለ ሰው ሌላ ምን ይጠብቃል? ከውጭ በመጣ መጽሔት ያነበብሁትንም ጨመርሁ፤ በብልቃጥ ውስጥ ጨው እጅግ ሲበዛበት አንዳንዱ ክር ተገልብጦ ወደ ግራ የሚገመድ ይመስላል።

ቀኛዝማች ብርሌያቸውን አስቀመጡ። «ጨው ነው ያልኸው?»

ነገሩ ወዲህ ነው። የአዲ አርቃዩ ጨው ነጋዴ የአያ ገብሩ ልጅ፣ አስረስ፣ የቀኛዝማችን ልጅ ጥሩወርቅን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አስረስ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሸጋ ሰው ነው፤ እሷም ወዳዋለች። ቀኛዝማች እምቢ የሚሉበት ምክንያት አጥተው ሽማግሌዎቹን ሲያመላልሱ ከርመዋል። አሁን ሳይንስ ደረሰላቸው። «በጨው ተነክሮ የኖረ ዘር ወደ ግራ ዞሯል፤ እኔ ከግራ ጋር አልገመድም» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሱ። ብልቃጥና ሰው ለየቅል ነው ብል ማን ይስማኝ።

በማግስቱ ጥሩወርቅ ዓይኗ አብጦ እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጣች።

«ጋሼ፣ ምነው? ምን በደልሁዎ?»

ያልሁትን ከነምክንያቱ አስረዳኋት። ሰምታ ስትጨርስ፣ «ጨው ጨርሶ ባይኖርስ?» አለች።

«ያኔማ ሁለቱ ክሮች እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። ግምዱ ይላላል፤ ይለያያልም። የሚያስታርቃቸው ልክ ያለው ጨው ነው።»

«እንግዲያው ይህንንም ለአባባ ይንገሩልኝ።»

ሄጄ ነገርኋቸው። ቀኛዝማች ከወንድማቸው ጋር በርስት ተካሰው መነጋገር ትተዋል፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸውም አንድ ማዕድ ከቀረቡ ቆይተዋል።

«ለካ የላላነው ጨው አጥተን ነው» አሉና ሽማግሌዎቹን መልሰው አስጠሩ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ቀኛዝማች ልጃቸውን የዳሩት በሳይንስ ትእዛዝ መሆኑን ለእንግዳው ሁሉ አስረዱ። ይህን ጊዜ ከጎኔ የተቀመጡት አያ ገብሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«መምህር፣ እኔና ቀኛዝማች እኮ ወደ ላይ ስንቆጠር ስምንተኛው ቤት ላይ አንድ አባት አለን።»

«ታዲያ ምነው ቀድመው አልነገሯቸውም? ያን ሁሉ ደጅ ባልጠኑ።»

አያ ገብሩ ጮማቸውን ቆረጡና ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ።

«ስምንተኛ ቤት ጋብቻ አይከለክልም፤ ለርስት ክስ ግን ይበቃል። ዘመድ ነኝ ብል መሬት ሊካፈል መጣ ብለው ልጃቸውን ይነሱኝ ነበር። ጨው ሻጭ መባሉ ሳይሻል አይቀርም።»