አባቱን የማይጠይቅ ተመራማሪ

የተማረ ሰው አያፍርም ያላችሁ ማነው? እኔ አንድ አውቃለሁ። ጓደኛዬ ኃይሉ በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ ውጭ አገር ዶክትሬቱን ይሠራ ነበር፤ ጥናቱ የፕሮስቴት ካንሰር ኤፒጄኔቲክስ ነው። ጂኑ ራሱ ሳይለወጥ እንዴት እንደሚበራና እንደሚጠፋ ማለት ነው። ለእረፍት መጥቶ አትላስ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ስለ ወንድ ሽንት አወራረድ ሲያብራራልን አስተናጋጇ እንኳ ትእዛዝ ረስታ ሰምታዋለች። አባቱ ጋሽ በቀለ ምን እንደሚያጠና ሲጠይቁት ግን "ባዮሎጂ" ብሎ አልፏቸዋል።

አንድ ቀን ሦስታችን ከላምበረት አውቶቡስ ተሳፈርን፤ እኔ መሀላቸው ነኝ። ሰንዳፋ ሳንደርስ ጋሽ በቀለ ሾፌሩን ለሽንት ሦስት ጊዜ አስቆሙት። ተመራማሪያችንስ? በመስኮት ባሕር ዛፍ ያጠናል። በሦስተኛው ላይ አባቱ እንደወረዱ ላብ አጠመቀውና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"እባክህ፣ አባባን ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አንተ ጠይቅልኝ። እኔ በምን አፌ?"

ጋሽ በቀለ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሳቸው በሌላው ጆሮዬ አንሾካሾኩልኝ።

"ስንመለስ ሐኪም ዘንድ ትወስደኛለህ። ለኃይሉ ግን እንዳትነግረው። ልጁ ስለዚህ ነገር የሚያውቀው የለም፤ ይደነግጥብኛል።"