የሰላምታ ሰዓት ያዥ

ማንም ሳይሾመው የሰፈሩን ደህንነት የሚቆጣጠር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ የማን ቤት ጭስ እንደወጣ ያያል፤ ሌላው ለቅሶ ላይ ማን እንደቀረ ይቆጥራል። በድሬዳዋ የእኛን ሰፈር የያዙት፣ ክቡር የሰላምታ ጠቅላይ ተቆጣጣሪ፣ ጋሽ ማዘንጊያ ነበሩ።

ጋሽ ማዘንጊያ ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ቲኬት ሲበሱ ኖረው ጡረታ ወጡ። የኪስ ሰዓታቸውም አብሯቸው ወጣ። ሥራ የፈታ ሰዓት ማየት አልሆነላቸውም መሰለኝ፣ ጥዋት ጥዋት በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው የሰው ሰላምታ ይለኩበት ጀመር። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ የሰዓቱ ክዳን ቀጭ ብሎ ይከፈታል፤ ሲለያዩ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ከዚያ ደብተር ላይ ይሰፍራል።

"ሰው ሲደላው ሰላምታው ይረዝማል፣ አቦ!" ይሉኛል። "ድሮ ባለሱቁ ኢስሃቅ ወተት ሻጯን ሃሊሞን ሲያገኛት ልጆቿን፣ ፍየሎቿን፣ ያማቷን ወገብ ሳይጠይቅ ይለቃታል? በሶማሊኛ ጀምረው፣ በኦሮምኛ ቀጥለው፣ በአማርኛ ነው የሚጨርሱት። ዛሬስ? ዘጠኝ ሴኮንድ! ታመናል፣ ዘገዬ። ሰፈሩ ታሟል።"

እኔ ዘገዬ ደግሞ የአንድ ፋብሪካ ዕቅድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በር ላይ ባለው ሰሌዳ "ምርት 104 በመቶ" ብሎ በቀይ ጠመኔ የሚጽፈው ይኸው የኔ እጅ ነው። ስለዚህ ጋሽ ማዘንጊያ ሲያወሩ ግራ ቀኙን አያለሁ። በዚያ ዘመን ግድግዳው ሁሉ ጆሮ ነበረው፤ መቶ አራት እየጻፈ ዘጠኝ ሴኮንድ ሲያዳምጥ የተገኘ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማን ያውቃል? ቀስ በቀስ መንገዴን ቀየርኩ። ድንገት ካገኙኝም "እንደምን አደሩ" ብዬ፣ እግሬን ሳላቆም አልፋለሁ። ከኋላዬ ቀጭ ሲል ይሰማኛል።

አንድ እሁድ በቀበሌ ስብሰባ ሊቀመንበሩ ጓድ ሣህሉ ሪፖርት አነበበ። ሁሉም ነገር አድጓል። ሲጨርስ "አስተያየት ያለው?" አለ። ይህ የሚጠየቀው ማንም እንደማይመልስ ስለሚታወቅ ነበር። ጋሽ ማዘንጊያ እጃቸውን አወጡ። እንዳጋጣሚ ከኋላቸው ነበርኩና ኮታቸውን ጎተትኩ፤ ወይ ፍንክች!

"ሪፖርቱ ጥሩ ነው" አሉ። "በኔ መለኪያ ግን ሰፈሩ ካምናው በግማሽ ወርዷል።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእሳቸውን ግን አዳራሹ በሙሉ አወቀው።

ማክሰኞ ጠዋት የቀበሌ ጥበቃዎች ከነሰዓታቸውና ከነደብተራቸው ወሰዷቸው። ደብተሩ ውስጥ "ኢስ. 9፣ ሃ. 12፣ ዘ. 4" እያለ ገጽ በገጽ ተሞልቷል። የኮንትሮባንድ መዝገብ ነው ተባለ፤ ይባስ ብሎ የጠላት ምልክት ነው የሚልም መጣ። "ዘ." እኔ መሆኔ ሲገባኝ በሬን በጊዜ መቀርቀር ጀመርኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተሻለች ሦስት ቀን ሙሉ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው በደጄ አለፉ። ኮቴያቸውን እያወቅኩት አልወጣሁም። ፈራሁ። ምን ልደብቅ፣ ፈራሁ።

በአራተኛው ቀን ወደ ቀበሌ ተጠራሁ። መንገዱን ሙሉ የዘመኑን መዳኛ ሳጠና ሄድኩ፤ "ከእግዜር ሰላምታ በቀር አላውቃቸውም።" ያኔ ስንቱ በዚህች ቃል ወደ ቤቱ ተመልሷል!

ጋሽ ማዘንጊያ ጥግ ላይ ቆመዋል። ቀበቷቸውን ስለወሰዱባቸው ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

"ይህን ሰውዬ ታውቀዋለህ?" አለኝ ጓድ ሣህሉ።

"ከእግዜር ሰላምታ..." ብዬ ጀመርኩና አፌ ላይ ቀረ። የትኛውን ሰላምታ? እሱንስ መቼ ሰጠኋቸው? "'ዘ.' እኔ ነኝ፣ ጓድ" አልኩ። "አራቱ ሰላም ያልኩበት ሴኮንድ ነው። እሳቸው የሚለኩት ሰላምታ ነው።"

"ሰላምታ ይለካል? ማንን ልታሞኝ ነው?" ሰዓቱን ከመሳቢያ አወጣ። "እስቲ ሰላም በለው። እንደ ድሮው አድርገህ።"

ወደ ጥጉ ዞሬ፣ "ጋሽ ማዘንጊያ፣ እንደምን ሰነበቱ?" አልኩ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?"

"ደህና ነዎት ወይ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? ሐረር ያለችው ልጅዎ ጻፈች? ዶሮዎቹስ?" ከዚያ ማቆም አቃተኝ። የስንት ወር ዕዳዬ ነው የፈሰሰው። "ወይዘሮ ተሻለች..." ስል እንባዬ መጣ። "በደጄ ሲያልፉ አልወጣሁም፣ ጋሼ።"

"ግድ የለም፣ ልጄ። ግድ የለም።"

ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ አለ። ጓድ ሣህሉ ደብተሩን ማገላበጥ ያዘ። የሚፈልገው የራሱን ፊደል እንደሆነ ገባኝ። አገኘው፤ "ሣ. ሰላም አይልም" ይላል። ደግሞ አነበበውና ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

"ውጡልኝ ከዚህ! ይህንንም ጉዳችሁን ይዛችሁ!"

ደጅ እንደወጣን ጋሽ ማዘንጊያ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ፤ እርሳስም አወጡ። በትከሻቸው በኩል አየሁ። "ዘ. ሁለት ደቂቃ ከአርባ። በፍርሃት የተደረገ ስለሆነ አይቆጠርም" ብለው ጻፉ።

ወይ እኚህ ሰውዬ! ስቄ ልሙት? ደግሞስ እውነታቸውን ነው።

በማግስቱ ጠዋት በአሮጌው መንገዴ ሄድኩ። ሲያዩኝ እጃቸውን ወደ ሰዓት ኪሳቸው ሰደዱ። ቀድሜ እጃቸውን ያዝኩና "እንደምን አደሩ?" ብዬ ጀመርኩ። ያን ቀን ስንት ደቂቃ እንደቆምን ደብተሩ አያውቅም፤ እጃቸውን አልለቀቅኩም።