ትንሽ የቀረው አሥራ አራት ቁጥር

በየቤቱ አንድ «ትንሽ ቀረኝ» አለ። እጅጌ የሌለው ሹራብ ይዛ የምትዞር አክስት ወይም በር ያልተገጠመለት ቁም ሣጥን የሠራ አጎት የሌለው ቤተሰብ የለም። ከሁሉም በማዕረግ የሚበልጠው ግን ሌሎች የሠሩት የኮምፒውተር ጌም ላይ የራሱን ጨምሮበት ለዓለም በነፃ ሊያድል የተነሣው ነው። ሥራውን «ሞድ» ይሉታል። ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ ያየ ሰው ጥቂት ነው። የዚህ ማኅበር ሊቀመንበር ክቡር ትንሽ ቀረኝ ታናሽ ወንድሜ ናቸው።

ክቡርነታቸው ከአምስት ዓመት በፊት፣ በአንድ የቆየ የአውቶቡስ መንዳት ጌም ላይ አዲስ መስመር ሊጨምሩ ወሰኑ። መስመሩ አባታችን ጡረታ እስኪወጣ ሃያ ስምንት ዓመት የነዳበት አሥራ አራት ቁጥር ነው፤ ከዲፖው እስከ ሆስፒታሉ አሥራ ዘጠኝ ፌርማታ። አባቴ ሳሎን ተቀምጦ፣ መሪ ጨብጦ፣ መስመሩን እንደገና እንዲነዳው ታሰበ። «ለበጋ ይደርሳል» ተባልን። የትኛው በጋ እንደሆነ አለመጠየቃችን የእኛ ጥፋት ነው።

ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። ወንድሜ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ጠዋት የተጠራበትን ፍሪጅ ከሰዓት ሳያቀዘቅዝ ወደ ቤቱ አይመለስም። «ምግብ ይበላሻላ» ይላል። ጌሙ ውስጥ ግን የሚበላሽ ነገር የለም ብሎ ያምናል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ፌርማታ በሜትር ለክቶ ሠራ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ የተሻለ አሠራር ተማረና ሰባቱንም አፍርሶ እንደ አዲስ ጀመረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የወንድሜ እንቁላል ግን በየወሩ እግር ይቀይራል። ሦስተኛው ፌርማታ ሥር ለሚተኛ አንድ ቡላ ውሻ ሁለት ወር ፈጀበት። ውሻው ተነሥቶ ያዛጋል፣ ጆሮውን ያክካል፣ ተመልሶ ይተኛል። «ውሻ ይሳፈራል እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው ጅራቱን ማስተካከሉን ቀጠለ።

በኢንተርኔት የተዋወቃቸው አምስት ረዳቶችም ነበሩት። አንዱ አገባ፣ ሁለቱ ሥራ አገኙ፣ አንዷ ወለደች። አምስተኛው በቅጠል ቀለም ተጣልቶ የሠራቸውን አርባ ዛፎች ይዞ ሄደ። ደመወዝ የሌለው ሰው መልቀቂያ አያስገባም፤ መልስ መስጠት ነው የሚያቆመው። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ የፌርማታዎቹን ስም በድምፄ የምጠራው እኔ ነኝና። ማይክሮፎን በተቀየረ ቁጥር አሥራ ዘጠኙንም ደግሜ ጠርቻለሁ። በመሐሉ የጌሙ ባለቤቶች ማሻሻያ ለቀቁና አውቶቡሳችን አስፋልት ውስጥ እስከ መስኮቱ ሰጥሞ ተገኘ። እሱን ማውጣት ብቻ አንድ ክረምት በላ።

ባለፈው ዓመት ሐኪሙ አባቴ ግላኮማ እንዳለበት ነገረን። እይታው ከጎንና ከጎን እየጠበበ ይሄዳል፤ መድኃኒቱ ያዘገየው እንደሆነ እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

«አባዬ፣ አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለው ወንድሜ።

«እኔም ትንሽ ነው የቀረኝ» አለ አባቴ፣ ዓይኑን እየጠቆመ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቸኩል ነበር። የኔ ወንድም «የመጨረሻው ከሆነማ እንከን ሊኖረው አይገባም» ብሎ የፌርማታዎቹን ጣሪያ ዝገት እንደ አዲስ መሥራት ጀመረ። ያን ዕለት ሳቄ አለቀ፤ ተናደድኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ የሆቴል ፍሪጅ ሊጠግን ሲወጣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። መሪውን ጠረጴዛው ላይ አሰርኩና አባቴን አስቀመጥኩት። ወንበሩን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አውቶቡሱን አስነሣ። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ይሄ የፌርማታው ውሻ ነው» አለ። «ዘጠኝ ዓመት እዚህ ጋ ጠብቆኛል። ውሻው የሞተው ወንድምሽ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ እንዴት አስታወሰው?»

ስለዚያ ውሻ ያልኩትን ሁሉ ብውጠው ደስ ባለኝ።

ከስድስተኛው በኋላ ሕንፃዎቹ ነጭ ካርቶን ሆኑ። ተሳፋሪዎቹ ፊት አልነበራቸውም። ዘጠነኛው ላይ መንገዱ ተቆርጦ ገደል ሆነ። አባቴ አንድ ክንድ ሲቀረው አቆመ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ በሩን ከፈተ። ያኔ ነው ወንድሜ የዕቃ ቦርሳውን እንደያዘ ከኋላችን ቆሞ ያየሁት።

«ለምን ከፈትሽው፣ እትዬ? አላለቀም እኮ። ሰዎቹ ፊት እንኳ የላቸውም» አለኝ።

አባቴ ሳይዞር መለሰለት። «መስመሩ ሲከፈትም መንገዱ እዚህ ጋ ነበር የሚያልቀው። መንገድ ሠሪዎቹ ጠጠር እየደለደሉ እኛ እየነዳን ነው ሆስፒታሉ የደረስነው። እስኪያልቅ ዲፖ ብቆም ማንን አደርስ ነበር?»

«ቢያንስ ዝገቱን...»

«ዝገቱን ተወውና መንገዱን ስጠኝ። አውቶቡስ ሞላም አልሞላም በሰዓቱ ይነሣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ እዚህ ወንበር ላይ ነኝ፤ ያለውን እነዳለሁ። አንተ በሳምንት አንድ ፌርማታ ጨምር።»

ወንድሜ ቦርሳውን አስቀመጠና አሥረኛውን ጀመረ። በአምስት ዓመት አንድም ቀን ያልተቀጠረለት ሥራ ቀጠሮ አገኘ፤ እንደ ፍሪጁ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ቅዳሜ አልፏል፤ አንድም አላመለጠንም። አሥራ ሁለተኛው ፌርማታ ጣሪያ የለውም፣ አሥራ አራተኛው ላይ ዛፎቹ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብለው ይንሳፈፋሉ። አባቴ የግራውን መስታወት ማየት አቁሟል፤ ስለዚህ በግራ በኩል እኔ ተቀምጬ «ነፃ ነው፣ ሂድ» እለዋለሁ። ወንድሜ ከኋላ ቆሞ ጉድለቶቹን ይጽፋል፤ ጣቱ ሊያፈርስ ይበላዋል፣ ግን አያፈርስም። ሆስፒታሉ ለመድረስ ሁለት ፌርማታ ቀርቶናል።

ትናንት ጎረቤታችን ደረጃው ላይ አገኘችኝና እንደ ልማዷ እየሳቀች «የወንድምሽ ነገር አለቀ ወይስ አሁንም?» አለችኝ።

«ትንሽ ቀረን» አልኳት፤ ሳልስቅ።